ያላጨሰው ጭስ

ኦዴራ ፖስታውን ሳይከፍት ነው ያመጣልኝ። ከኡሪሪ እስከ ኪሱሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ፣ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሀል አስገብቶ፣ ሸሚዙ ስር ይዞት መጣ። እኔ ኪሱሙ ዳር፣ ዱንጋ ካሉት የዓሣ ቤቶች በአንዱ፣ ለሐይቁ የቀረበውን ጠረጴዛ ይዤ እጠብቀዋለሁ። እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሰዎች ቦታውን ሞልተውታል።

«አንቺ አንብቢልኝ» አለና ፖስታውን ፊቴ አስቀመጠ። «የእናንተን ቋንቋ እኔ አላውቀውም።»

የእናንተ ያለው የላቦራቶሪያችንን ነው። እኔ ደም መርማሪ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ትምባሆ በሚበቅልባቸው መንደሮች የሚኖሩ ሰዎችን ደም እያጠና ነበር፤ ከኦዴራ ጋር የተዋወቅነውም ከሁለት ዓመት በፊት ለዚሁ ሥራ ኡሪሪ በሄድኩ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ «ደማችንን ወስደው ይሸጡታል» ብለው እምቢ ሲሉ፣ አንድ ረጅም ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ቀድሞ ተቀመጠ። ቀጥሎ እናቱን ማማ ስኮላስቲካን አስቀመጠ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ተሰለፈ።

መርፌውን ስሰካ፣ «ታጨሳለህ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ቅጹ ላይ ያለ ጥያቄ ነው።

«ትምባሆ አብቅዬ አውቃለሁ፤ አጭሼ ግን አላውቅም» አለኝ።

ያችን ዓረፍተ ነገር ከሰውየው ቀድሜ ወደድኳት። የኦኬዮ ልጅ ስለሆንኩ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰው ሁሉ «ሙዋሊሙ» ይለዋል፣ መምህሩ። ሠላሳ ዓመት አጭሷል። ከስድስት ዓመት በፊት ልቡ ቀጥ አለና ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኛ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ አንዲት ብትስብ ልጆችህን ተሰናበታቸው» ሲለው መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ። ከዚያ ቤታችን በናና ከረሜላ ሽታ ተሞላ። መስኮቶች ያለምክንያት ይከፈታሉ። የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቁራጭ አገኛለሁ። «ባባ፣ አጭሰሃል?» ስለው ዓይን ዓይኔን እያየ «አላጨስኩም፣ ልጄ» ይለኛል። ሰው እየወደደህ እንዴት እንደሚዋሽህ የተማርኩት ከእሱ ነው።

እሱው ራሱ ደግሞ ኦዴራን አልቀበልም ያለው በትምባሆ ምክንያት ነበር። «ልቤን ያቃጠለውን ቅጠል ያበቀለ ቤት ነው የመረጥሽው» አለኝ። «ያውም ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የትምባሆ ማድረቂያ ቤት እሳት ሲማግድ ያደገ። ኪሱሙ ውስጥ የተማረ ሰው ጠፋ?» ኦዴራ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ትምባሆውን ነቅሎ ለውዝ እንደተከለ፣ ጎረቤቶቹንም «ተዉት፣ ይኼ ነገር አይበላም» እያለ ቤት ለቤት እንደሚዞር ነገርኩት። አልሰማኝም።

እንግዲህ ፖስታውን የከፈትኩት በዚህ ሁሉ መሀል ነው።

ወረቀቱ አጭር ነበር። «በደምዎ ውስጥ የተገኙት ምልክቶች ለረጅም ጊዜ ሲጋራ ካጨሱ ሰዎች ምልክት ጋር ይመሳሰላሉ» ይላል።

ሥራዬ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። ጭስ ጂናችንን አይለውጠውም። ጂኖቹ መቼ እንደሚሠሩና መቼ እንደሚያርፉ የሚወስኑት ትናንሽ ምልክቶች አሉ፤ እነሱን ነው የሚያዛባው። መሥራት ያለበት ያርፋል፣ ማረፍ ያለበት ይሠራል፤ ሳንባና ልብ ቀስ በቀስ ዋጋውን ይከፍላሉ። ምልክቱ ደም ውስጥ ይታያል። ሰውየው ቢናገር ባይናገር ይታያል።

«ምን ይላል?» አለኝ ኦዴራ።

«ስንት ዓመት አጨስክ?»

መጀመሪያ ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። «ማን? እኔ?»

«እየጠየቅኩህ ነው፣ ኦዴራ።»

ሳቁ ቀረ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። «አንድም ቀን አላጨስኩም» አለ።

አስተያየቱ የአባቴ ሆነብኝ። ያው ቅንነት፣ ያው ርጋታ። ባያየኝ ይሻለኝ ነበር።

«አጭሼ ትቻለሁ ብትለኝ እኮ ቅር አይለኝም» አልኩት። «ውሸቱን ነው የማልችለው።»

«እና ያልሠራሁትን ሠራሁ ልበልሽ?»

«ደም አይዋሽም።»

«እኔስ? ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

ዓሣው መጣ። ልጅቷ ሳህኑን አስቀምጣ፣ የሁለታችንንም ፊት አይታ፣ ሚጥሚጣውን ሳትሰጠን ሄደች። ኦዴራ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እንዳይታጠፍ ያን ያህል የተጠነቀቀለትን ወረቀት በአራት አጠፈው።

«ብዪ፣ እንዳይቀዘቅዝብሽ» አለኝና ተነስቶ ሄደ።

ጀርባው እስኪጠፋ አየሁት። ትክክል ነኝ ብዬ ነበር፤ ትክክል የሆነ ሰው ግን እንደዚያ አይከፋውም።

*

በዘጠነኛው ቀን የማታቱ ሹፌር ደብዳቤ አመጣልኝ።

«አፖንዲ፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በመጀመሪያው ተቆጥቼብሽ ነበር። በሁለተኛው ለምኜሽ ነበር። በሦስተኛው ‹አዎ፣ አጭሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ› ብዬ ጻፍኩ። ይኼኛውን ፈራሁት። እንደዚያ ብልሽ ይቅር እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ በማግሥቱም እንታረቃለን። ግን ባልሠራሁት ኃጢአት ይቅርታ ተቀብዬ ትዳር ልጀምር አልችልም። ስንት ዓመት እንደዚያ እንኖራለን?

ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አባቴ እስኪሞት ድረስ ማድረቂያ ቤት እሳት ስማግድ ኖሬአለሁ። ያ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም። የማይታወቅን ነገር መጠየቅ የአንቺ ሥራ ነው። ለማታውቂው ሰው ደም ሁሉ ስትጠይቂ ትውያለሽ፤ እኔን ግን ሳትጠይቂ ፈረድሽብኝ።

ደሜ እንደገና ይታይ ብዬ ፈርሜ ልኬልሻለሁ። ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለእውነቱ ብለሽ እዪው።

የምወድሽ (ይህን ቃል ልሰርዘው ስል እጄ እምቢ አለኝ)

ኦዴራ።»

ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። በሦስተኛው ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ወደ ዶክተር ናሲኬ ቢሮ ገባሁ።

ዶክተር ናሲኬ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ፊርማውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ምርመራውን አንቺ አትንኪው ብላ ለሌላ ሰው ሰጠችው። ውጤቱ በመጣ ዕለት በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ።

«የመጀመሪያው ውጤት የብዙ ምልክቶች ድምር ነበር» አለችኝ። «አሁን አንድ በአንድ አየናቸው። ይኼኛውን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ራሱ ሲያጨስ የሚነካው ነው። ሲያቆም ደግሞ በዓመታት ውስጥ ይመለሳል። የእሱ ንጹሕ ነው። ይኼኛውን ግን እዪው።»

አየሁት። ፈጽሞ የተለየ ነበር።

«ይኼ ፅንስ ላይ የሚታተም ነው። እናት በእርግዝና ስታጨስ። አንዳንዱ ሰው ላይ እስኪያረጅ ይቆያል።» መነጽሯን አወለቀች። «ልጁ አላጨሰም፣ አፖንዲ። ጭሱ ያገኘው ከመወለዱ በፊት ነው።»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት።

«በድምሩ ብቻ ደብዳቤ መጻፍ አልነበረብንም። ስህተቱ የእኛ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ይቅርታ እኔ እጽፋለሁ» አለች። «የራስሽን ግን ራስሽ ይዘሽ ሂጂ።»

በደስታ ነበር መውጣት የነበረብኝ። ኮሪደሩን ሳልጨርስ ግን ማማ ስኮላስቲካ ትዝ አለችኝ። መጀመሪያ ቤቷ በሄድኩ ቀን የተቆላ ለውዝ በሁለት እጇ ሰጥታኝ፣ እስክጨርስ ቆማ ያየችኝ ሴት። ኦዴራ አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ደግፋ ያቆየችውን እናቱን ከማንም በላይ ይወዳል። «እናቴን የሚነካ ነገር በዚህ ጆሮዬ አልሰማም» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እሱን ነፃ የሚያወጣው ወረቀት እሷን የሚከስ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ሳስብ ዋልኩ፤ ሸክሙ ከወረቀት በላይ ከበደኝ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኡሪሪ ልነሳ ስል አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ የመኪናውን ቁልፍ ይዟል።

«ማታቱ ውስጥ አልቅሰሽ ሰው አታስደንግጪ። እኔ እነዳለሁ።»

«ልጁን ትጠላው የለም እንዴ?»

«እጠላዋለሁ። አንቺን ግን እወድሻለሁ» አለና አሮጌዋን ፔጆ አስነሳ።

ሮንጎን እንዳለፍን ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፦ ዱንጋን፣ ደብዳቤውን፣ ሁለተኛውን ውጤት። እናትየዋንም። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ። የአዌንዶን ሸንኮራ አገዳ አልፈን ኡሪሪ ልንደርስ ስንል በመንገዱ ግራ የትምባሆ ማሳ ታየ። አባቴ መኪናውን አቆመ።

«ይኼ ነው?» አለኝ።

«ይኼ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ያጨሰው ሰውዬ ቅጠሉን መሬት ላይ አይቶት አያውቅም። ወረደ። ክንድ የሚያህለውን ሰፊ ቅጠል በጣቶቹ ሲያሻሸው ቆየ፤ ወደ ላይ አነሳው፣ ገለበጠው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሲመለስ መሪውን በመዳፉ ብቻ ነበር የያዘው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እነኦዴራ ቤት ስንደርስ ማማ ስኮላስቲካ በበረንዳው ጥላ ስር ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍላለች። ኦዴራ የድሮው ማድረቂያ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል፤ ቤቱ አሁን የለውዝ ማከማቻ ሆኗል። የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ዞረ። አየኝ። መዶሻው እጁ ላይ እንዳለ ለጥቂት ጊዜ ቆመና ወረደ። አባቴ ከመኪናው አጠገብ ቀረ።

«ደብዳቤህ ደርሶኛል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሹፌሩ ነግሮኛል።»

ከስቷል። ሸሚዙ ላይ ሚስማር የቀደደው ቀዳዳ አለ። ልሰፋለት አማረኝ፤ እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ እንደዚህ ያለ ሐሳብ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አላጨስክም። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ፤ በድዬሃለሁ።»

ዓይኑ ላይ አንድ ነገር ሊፈታ ሲል አየሁት። ከዚያ መልሶ ቋጠረው።

«አመንሽኝ ነው ወይስ ሌላ ወረቀት መጣ?»

ከበረንዳው ይመጣ የነበረው የለውዙ ቀጭ ቀጭ ድምፅ ቆመ። ማማ ስኮላስቲካ እየሰማች ነው።

«አመንኩህ» አልኩት።

«ታዲያ ቦርሳሽን ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ ያነቅሽው?»

ወደ እጄ አየሁ። እውነቱን ነው፣ አንቄዋለሁ። እሱም ዝምታዬን በራሱ መንገድ ተረጎመው።

«ወረቀቱን ነው ዛሬም ያመንሽው» አለ በቀስታ። «ወረቀቱ ሌላ ቢል ኖሮ ዛሬም ዱንጋ ነበርሽ።» ዞሮ ወደ መሰላሉ ሄደ።

«ኦዴራ» አለች እናቱ። «ና ተቀመጥ።»

«ማማ፣ ይኼ የእኔና የእሷ ጉዳይ ነው።»

«የእናንተ ከመሆኑ በፊት የእኔ ነበር። ና።»

ተመልሶ መጣ። እሷ ግን ያየችው እኔን ነበር።

«ስጪው፣ ልጄ። እኔን ብለሽ እንደደበቅሽው ገብቶኛል። ደም በሰጠን ቀን የሥራ ጓደኛሽ ቅጽ ስትሞላ ‹ይኼን ልጅ ሲያረግዙ ያጨሱ ነበር?› ብላኛለች። ‹አዎ› አልኳት። እሷም ጻፈችው። ለማላውቃት ልጅ የነገርኩትን ለራሴ ልጅ ሳልነግረው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ።»

ኦዴራ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አላነበበውም፤ ይዞት ቆመ።

«ያን ዓመት ዝናብ ቀረ» አለች ማማ ስኮላስቲካ። እጆቿ ለውዙ መሀል ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም። «በቆሎው ደረቀ፣ ትምባሆው ብቻ ቆመ። አባትህ ቅጠል ይለቅማል፣ እኔ እንጨቱ ላይ አስራለሁ። ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። እናቴ እንዳስተማረችኝ የተለኮሰውን የሲጋራ ጫፍ ወደ አፌ አስገብቼ አጨሳለሁ፤ አመዱ ቅጠሉ ላይ አይወድቅም፣ እጅ አያስይዝም። ረሃብ ያስረሳል። ሌላ የሚያስረሳ ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም። አንተ ሆዴ ውስጥ ስትራገጥ አንድ እለኩሳለሁ፤ ትተኛለህ። ተኛልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሳል ያዛት። እስኪለቃት ጠበቅናት።

«ስትወለድ ከአንድ ደህና ዓሣ አትበልጥም ነበር። አዋላጇ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምን እንዳደረግኩ ሳላውቀው አውቄው ነበር መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ባጨስኩ ቁጥር አንተን ከአጠገቤ አባርር ነበር። ‹እናቴ አባረረችኝ› እያልክ ታለቅሳለህ። ያቆምኩት አባትህ የሞተ ዕለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በእኔ ምክንያት ይቺ ልጅ እንዳትሄድብህ ነው የምነግርህ። ይቅር በለኝ።»

ኦዴራ ከእናቱ እግር ስር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ረጅም እግሩን አጥፎ፣ እንደ ትንሽ ልጅ።

«ማማ፣ ያን ዓመት በዚህ መንደር ስንት ሆነን ተወለድን?»

«አምስት።»

«ስንታችን አለን?»

«አንተና የአሞሎ ልጅ።»

«እና ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? በሕይወት መኖሬን?» እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። «አንድ ጉንጭ ምግብ ሳታገኚ ተሸክመሽኛል። እየታመምሽ አሳድገሽኛል። ምን እንደነበረ የነገረሽ ሰው አልነበረም። እኔ ለአንቺ ያለኝ ቃል አንድ ነው፤ እሱም ይቅርታ አይደለም። አመሰግናለሁ ነው።»

ማማ ስኮላስቲካ አላለቀሰችም። ከፈለፈለችው ለውዝ በእፍኟ ዘገነችና የልጇን መዳፍ ከፍታ አስቀመጠችበት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

«ልጄ፣ ይታመምብኛል?» አለችኝ።

ከዶክተር ናሲኬ የሰማሁትን ነገርኳት። «ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ማማ። ግፊቱንና ሳንባውን በየጊዜው ሐኪም ይየው። እሱ ራሱ አለማጨሱ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎም ማቆምዎ ትልቅ ነገር ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ደም ውስጥ ብዙው ምልክት በዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል። አንዳንዱ ይቀራል፤ ብዙው ግን ይመለሳል።»

«ይመለሳል?» አለች፤ ቃሉን ደግማ ልትሰማው የፈለገች ይመስል።

«ይመለሳል።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

አባቴ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየሁትም። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል።

«ካቆሙበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፣ ባባ።»

«የእኔ እንግዲህ ገና አልተጀመረም» አለ።

አባቴ ወደ ኦዴራ ዞረ። ኦዴራ ሊነሳለት ሲል በእጁ ተው አለው።

«ልጄ አንተን ያላመነችህ በእኔ ምክንያት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻታለሁ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ በቀን ሦስት፣ አንዳንዴ አራት። የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። እያወቀች ነው ለካ። አንተ እውነቱን ስትነግራት የእኔን ፊት ነው ያየችብህ።»

ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ሲመጣ እቆጣለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ደረቴ ውስጥ የነበረ አንድ የታሰረ ነገር ተፈታ እንጂ ቁጣ አልመጣልኝም።

አባቴ ጣቶቹን ለማማ ስኮላስቲካ ዘረጋላት። ጥቁርና ሙጫ የመሰለ ነገር ይዟቸዋል።

«መንገድ ላይ ቅጠሉን ነካሁት። በመሐረብ ብጠርገው፣ በሣር ባሸው አልለቅ አለኝ። እርስዎ ይኼን ስንት ዓመት ያዙት?»

«ሠላሳ ይሆናል፣ ሙዋሊሙ።»

«እርስዎ ያሰሩትን እኔ አጨስኩ። ከዚያ ተቀምጬ ቤትዎን ናቅኩ።»

ማማ ስኮላስቲካ ጣቶቹን እያየች ትንሽ አሰበች።

«ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም» አለችው። «ሎሚና አሸዋ ነው። ኦዴራ፣ አስታጥበው።»

ኦዴራ ሎሚ ቆርጦ፣ አሸዋ በቆርቆሮ፣ ውሃ በጆግ ይዞ መጣ። አባቴ እጁን ዘረጋ። አንዱ ያፈሳል፣ ሌላው ያሻል። «ከጥፍሮቹ ስር ነው የሚቀረው» ይለዋል ኦዴራ፤ «እንዲህ?» ይላል አባቴ፤ «አዎ፣ እንደሱ።» ሁለት ዓመት የፈራሁት ንግግር ስለ ጥፍር ሆነ። እያየኋቸው ልቤ ሞላ።

*

ምግቡ እስኪደርስ ኦዴራና እኔ ከማድረቂያው ቤት ጀርባ ሄድን። ግድግዳው ዛሬም እስከ ጣሪያው ድረስ ጥላሸት ነው። ግንባሬን ግድግዳው ላይ ላሳርፍ ስል ክንዴን ያዘኝ፤ «ትጠቁሪያለሽ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ያልነካኝ እጅ ነበር።

«ቅድም ዋሸሽኝ» አለ።

«ዋሸሁህ።»

«ውሸት አልችልም ብለሽ ነበር።»

«አልችልም እኮ። እንዴት ወዲያው እንደተያዝኩ አላየህም?»

ሳቀ። ሳቁን ለመስማት ይህን ሁሉ መንገድ በእግሬ እመጣ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴን ለማዳን ብለሽ እኔን ልታጪ ነበር።»

«ላጣህ አልመጣሁም ነበር። ግን በእሷ ላይ ቆሜ ላገኝህ አልቻልኩም።»

ግንባሩን ግንባሬ ላይ አሳረፈ። ትንፋሹን ሰማሁት፤ ንጹሕ፣ የለውዝና የፀሐይ ሽታ ያለው ትንፋሽ።

«ኦዴራ፣ ሁለተኛ አልፈርድብህም ብዬ አልምልልህም። ስፈራ ቶሎ እፈርዳለሁ፤ አመሌ ነው። ያን ጊዜ አትሂድብኝ። ቁጭ በልና ‹ጠይቂኝ› በለኝ።»

«ጠይቂኝ» አለ።

«አሁን?»

«አሁን። የፈለግሽውን።»

አሰብኩ። ብዙ ነገር መጠየቅ እችል ነበር። «ያን ቀን ዓሣውን ጥለህ ስትሄድ አልራበህም?»

«አፖንዲ፣ እስከ ሮንጎ ድረስ ያሰብኩት ዓሣውን ነው» አለኝ። «ከሮንጎ በኋላ አንቺን።»

እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅኩ። የተበደለ ሰው ሲያስቅህ፣ ይቅር ማለቱን ከዚህ በላይ የሚነግርህ ነገር የለም።

*

ማማ ስኮላስቲካ ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና በቲማቲም የተሠራ ኦሜና፣ የሐይቁን ደቃቅ ዓሣ፣ ከጓሮዋ የተቀጠፈ ጎመን ጨምራ አቀረበች። ለአባቴ መደገፊያ ያለውን ወንበር ሰጠችው፤ እሷ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እሱ ግን ወንበሩን ትቶ ምንጣፉ ላይ፣ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጉልበቱ እየተንቋቋ።

«ሙዋሊሙ» አለችው፤ «ሽማግሌዎቻችንን ይዘን ቤትዎ ብንመጣ በሩን ይከፍቱልናል?»

አባቴ እኔን አላየኝም። ኦዴራን አየው። «ጠዋት ኑ» አለ። «ከሰዓት በኋላ ያደክመኛል፤ ደግ ነገር ደግሞ በድካም ጆሮ መስማት አልፈልግም። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ለሚስቴ ከእናንተ ፊት የነገርኩትን መንገር አለብኝ። አንድ ሳምንት ስጡኝ።»

«እናቴ ታውቃለች፣ ባባ» አልኩት።

«ማወቋ ሌላ ነው። እኔ መንገሬ ሌላ ነው።»

ማማ ስኮላስቲካ እንግዳው ይጸልይልን አለች። አባቴ በጸሎቱ ኪሱሙ ሁሉ ያውቀዋል፤ የትምህርት ቤት በዓል ላይ ሲጸልይ ልጆች ቆመው ያንቀላፋሉ። ኦዴራ ይህን ከእኔ ሰምቶ ስለነበር ኡጋሊውን በሐዘን ዓይን አየው። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

«ጌታ ሆይ» አለ አባቴ።

ጠበቅን። ሎሚ ሎሚ የሚሸቱት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተዘርግተዋል። ከንፈሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አንቀሳቀሰ። ቃላት ጠፍተውት የማያውቀው ሰውዬ ቃል ጠፋው። ማማ ስኮላስቲካ ደረቷ እየፏጨ ትተነፍሳለች፤ ኦዴራ ከአጠገቤ በዝግታ ይተነፍሳል፤ አባቴም እንደምንም ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ተመስገን» አለ። አበቃ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴን ረጃጅም ጸሎቶች ሰምቻለሁ፤ ለሁሉም አሜን ብያለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ከልቤ ብዬ አላውቅም።